ተጣብቀው የሚያጠሩ፦ የደቂቅ ዘአካላት ውሃ ማጥራት ታሪክና የጅማ የቡና ወንዞች

መግቢያ

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሰቃና በሊሙ ገነት፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የዓመቱ ዋና የሥራ ወቅት ነው። እሸት ቡናው ከየጓሮውና ከየጫካው ተለቅሞ በጀርባ፣ በአጋሰስና በመኪና ወደ ማጠቢያ ጣቢያዎች ይጓዛል። የገበሬው የዓመት ገቢ፣ የልጆቹ ልብስና ደብተር የሚሸፈነው በዚሁ ወቅት ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ወቅት በጣቢያዎቹ ሥር የሚያልፉት ወንዞች ይጠቁራሉ፤ ይሸታሉ፤ ከታች ያለው ሕዝብም ከብቱን የሚያጠጣበትና ውሃ የሚቀዳበት ስፍራ ያጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነገሮችን በታሪክ መልክ ማገናኘት ነው። አንደኛው፣ ባክቴሪያና ዋቅላሚ (አልጌ) በአንድ ነገር ላይ ተጣብቀው ውሃን የሚያጠሩበት ዘዴ እንዴት እንደ ተገኘና እንደ ተስፋፋ ነው። ሁለተኛው፣ የታጠበ ቡና አዘገጃጀት ወደ ጅማ አካባቢ ሲገባ ይህ እውቀት አብሮ አለመግባቱ ያስከተለው ውጤት ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሌላ አኳኋን ካልተገለጹ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. የዘዴው ምንነት

ደቂቅ ዘአካላት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። አብዛኞቹ በተፈጥሮ ሲኖሩ በውሃ ውስጥ ብቻቸውን አይንሳፈፉም። በድንጋይ፣ በእንጨት፣ በሥር ወይም በዕቃ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው፣ ራሳቸው በሚያመነጩት ሙጫ ተሸፍነው በማኅበር ይኖራሉ። ወንዝ የተሻገረ ሰው ሁሉ እግሩን ያዳለጠው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ልባስ ይኸው ነው። በዚህ ልባስ ውስጥ ዋቅላሚ በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ይሠራል፤ ባክቴሪያዎች ደግሞ ያንን ኦክስጅን ተጠቅመው በውሃው ውስጥ የሟሟውን ቆሻሻ ይመገባሉ። ሰው ይህን ጠባይ አውቆ ለነዚህ ሕያዋን መጣበቂያ ሲያዘጋጅላቸው፣ ቆሻሻውን ውሃም በላያቸው ቀስ ብሎ እንዲያልፍ ሲያደርግ፣ ዘዴው ተወለደ ማለት ነው።

የመጣበቅ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ተንሳፋፊ ባክቴሪያ ከውሃው ጋር ተጠርጎ ይሄዳል፤ የተጣበቀው ግን በስፍራው ይቀራል፤ ይራባል፤ ለሚቀጥለውም ውሃ ይደርሳል። በሙጫው ስለ ተሸፈነም መርዝና ድንገተኛ ለውጥ ሲመጣበት ብቻውን ካለው ይልቅ ይቋቋማል።

ነገሩ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። እንጀራ የምትጋግር እናት ከቀደመው ቡሆ እርሾ ታስቀራለች፤ ቡሃቃውንም በሙቅ ውሃ ፈግፍጋ አታጥብም። በቡሃቃው ግድግዳ ላይ የቀረው ጥቂት ሊጥ የሚቀጥለውን ቡሆ ያስነሣዋል። ባለሙያዋ የባክቴሪያን ስም ሳታውቅ ባክቴሪያን በዕቃ ላይ አስፍራ ታሠራለች። በ1823 በጀርመን አገር የኮምጣጤ አምራቾች በአንድ በርሜል ውስጥ የእንጨት ፍቅፋቂ ሞልተው አልኮሉን በላዩ ማንጠብጠብ በጀመሩ ጊዜ ያደረጉት ይህንኑ የመሰለ ነበር፤ ምክንያቱም ኮምጣጤውን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች በፍቅፋቂው ላይ ተጣብቀው ይኖሩ ነበር።

፪. ዘዴው በዓለም ላይ የሄደበት መንገድ

በ1804 በስኮትላንድ በፔይዝሊ ከተማ ጆን ጊብ የተባለ ሰው ለጨርቅ ፋብሪካው ውሃን በአሸዋ አጠራ። በ1829 ደግሞ ጄምስ ሲምፕሰን በለንደን ለቼልሲ የውሃ ኩባንያ ትልቅ የአሸዋ ማጣሪያ ሠራ። በዚያን ጊዜ አሸዋው እንደ ወንፊት ብቻ የሚሠራ ይመስላቸው ነበር። እውነቱ ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአሸዋው የላይኛው ገጽ ላይ የሚፈጠረው ሕያው ልባስ፣ ማለትም የባክቴሪያና የዋቅላሚ ማኅበር፣ የሥራው ዋነኛ ባለቤት መሆኑ ነው።

ማስረጃው በመከራ ጊዜ መጣ። በ1892 በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገብቶ ወደ 8,600 የሚጠጋ ሰው ፈጀ። ጎረቤቷ አልቶና ውሃዋን የምትቀዳው ከዚያው ከኤልቤ ወንዝ፣ ያውም የሐምቡርግ ፍሳሽ ከተቀላቀለበት በታች ነበር። ነገር ግን አልቶና ውሃውን በአሸዋ ታጠራ ስለ ነበር ከመቅሠፍቱ በአብዛኛው ተረፈች። ሐምቡርግ አላጠራችም ነበር። ሮበርት ኮኽ ይህን ልዩነት መርምሮ ለዓለም አሳወቀ።

ከመጠጥ ውሃ ወደ ፍሳሽ የተደረገው እርምጃም በዚሁ ዘመን ነው። በ1887 የተቋቋመው በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የሎረንስ የምርምር ጣቢያ ፍሳሽን በጠጠር ላይ በማሳለፍ ማጥራት እንደሚቻል በተከታታይ ሙከራ አሳየ። በ1893 በእንግሊዝ አገር ፍሳሽን በጠጠር ክምር ላይ የሚያንጠባጥብ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። በ1914 ደግሞ አርደንና ሎኬት የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች በማንቸስተር ከተማ ባክቴሪያን በአየር በሚናጥ ገንዳ ውስጥ የማባዛትን ዘዴ አስታወቁ። ይኸኛው ፈጣን ቢሆንም ዘወትር ኃይል የሚፈጅ ነው፤ የጠጠሩ ግን በውሃው ቁልቁለት ብቻ ሊሠራ ይችላል።

ሦስተኛው ምዕራፍ የተከፈተው በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በጃፓን አገር ኢቺሮ ቺባታና ባልደረቦቹ በ1969 ኢንዛይምን፣ በ1973 ደግሞ የባክቴሪያ ሕዋሳትን በጠጣር ነገር ላይ አስረው በፋብሪካ ደረጃ አሠሩ። ከዚያ በኋላ ከባሕር ዋቅላሚ በሚገኝ አልጂኔት በተባለ ሙጫ ውስጥ ባክቴሪያንና ዋቅላሚን እንደ ዶቃ አድቦልቡሎ የማስቀመጥ ዘዴ ተለመደ። አልጂኔቱ ካልሲየም ባለበት ውሃ ውስጥ ጠብ ሲደረግ ወዲያው ይረጋል፤ ሕያዋኑም በውስጡ ታስረው ይቀራሉ። በ1980ዎቹ በዚህ መንገድ የታሰሩ ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ናይትሮጅንና ፎስፎረስን ከፍሳሽ እንዲያነሡ ተሞከሩ። አንዳንድ ባክቴሪያዎችም መርዛማውን ባለስድስት ክሮሚየም ወደ ቀለለው ባለሦስት ክሮሚየም እንደሚለውጡ ተደረሰበት። ክሮሚየም የቆዳ ፋብሪካዎች ዋና ችግር እንደ መሆኑ መጠን፣ ይህ እንደ ሞጆና አዲስ አበባ ላሉት የቆዳ ሥራ ከተሞቻችን ትርጉም ያለው ግኝት ነው።

በ1970ዎቹ በሆላንድ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋትሰ ሌቲንጋ ሌላ መንገድ አገኘ። አየር በሌለበት ገንዳ ውስጥ ፍሳሹ ከሥር ወደ ላይ እንዲፈስ ሲደረግ ባክቴሪያዎቹ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የጥራጥሬ ያህል ድብልብል ይሆናሉ። ዶቃ የሚያድቦለብልላቸው አያስፈልግም። በዚሁ ሂደት ለምድጃና ለመብራት የሚያገለግል ጋዝ ይገኛል። ድብልብሎቹ ያለ ምግብ ለብዙ ወራት ቆይተው እንደገና ሥራ ሊጀምሩ መቻላቸው ደግሞ፣ ወደ ፊት እንደምናየው፣ ለቡና አገር ልዩ ጠቀሜታ አለው።

፫. የታጠበ ቡና ወደ ጅማ አካባቢ ሲገባ

በጅማ ምድር ቡና ጥንታዊ ነው። ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ የደቡብ ምዕራቡ ንግድ ዋና መናኸሪያ ነበር። የቡናው አዘገጃጀት ግን ውሃ የማይፈልግ ነበር። እሸቱ በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፤ ከዚያም ይፈለፈላል። የሚቀረው ገለባ ደረቅ ስለ ሆነ ወንዝን የሚነካበት ምክንያት አልነበረም።

በ1952 የጅማ እርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1960ዎቹ መጨረሻም በመልኮ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን በታየ ጊዜ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን በመምረጥ የጣቢያው ስም ከፍ አለ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ የታጠበ ቡና በዓለም ገበያ የተሻለ ዋጋ ያወጣ ስለ ነበር፣ የማጠቢያ ጣቢያዎች በልማት ፕሮጀክቶች አማካይነት መስፋፋት ጀመሩ።

የማጠቢያ ጣቢያ ሥራ እንደሚከተለው ነው። እሸቱ በመፈልፈያ ማሽን ልጣጩ ይገፈፋል፤ ልጣጩ ከእሸቱ ክብደት ወደ 40 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። ፍሬው ገና በሚያዳልጥ ሙጫ የተሸፈነ ስለ ሆነ በገንዳ ውስጥ እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይብላላል። ሙጫውን የሚያላቅቁት ደቂቅ ዘአካላት ናቸው። ከዚያም ፍሬው በብዙ ውሃ ታጥቦ በአልጋ ላይ ይሰጣል። ውሃ መልሶ በማይጠቀም ጣቢያ ለአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና እስከ 40 ሊትር ውሃ ሊፈስ ይችላል። ይህ ውሃ ስኳር፣ ፔክቲን፣ ታኒንና አሲድ ተሸክሞ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። የታጠበ ቡና ከመጀመሪያውም በደቂቅ ዘአካላት ሥራ ላይ የቆመ ነው። ጣቢያው ሙጫውን ከፍሬው እንዲያላቅቁለት ቀጥሯቸዋል፤ የላቀቁትን ሙጫ ከውሃው ውስጥ እንዲያነሡለት ግን ስፍራ አላዘጋጀላቸውም። የሥራው ግማሽ ተወስዶ ግማሹ ለወንዙ ተተወ። ይህም የሆነው የጠጠር ማጣሪያ ሥራ ላይ ከዋለ ወደ 80 ዓመት ገደማ ካለፈው በኋላ ነው። እውቀቱ በዓለም ላይ ነበር፤ በጣቢያው ዕቅድ ላይ ግን አልተጻፈም።

፬. ወንዞቹ ሲለኩ

በ1983 የተቋቋመው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትና የእርሻ ኮሌጁ በ1999 ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ተማሪዎችን ወደ ኅብረተሰቡ ልኮ ማስተማር የተቋሙ መታወቂያ እንደ መሆኑ፣ የወንዞቹ ነገር ከምርምር ሊያመልጥ አልቻለም።

በ2008 የታተመ አንድ ጥናት በቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ውስጥ የሚገኘው የባዮኬሚካል ኦክስጅን ፍላጎት በሊትር እስከ 14,200 ሚሊግራም መድረሱን ገለጸ። ይህ መለኪያ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ለመመገብ ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚፈልጉ ያመለክታል። ጥናቱ በአካባቢው ውሃውን የሚጠቀሙ ሰዎች በቆዳ መቆጣት፣ በሆድ ሕመም፣ በማቅለሽለሽና በመተንፈስ ችግር መቸገራቸውንም አስታውቋል።

ቁጥሩን በስሌት ብንመለከተው ክብደቱ ይገባናል። በጅማ ከፍታ ላይ ንጹሕ የወንዝ ውሃ በሊትር ከ7 እስከ 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። እንግዲህ እጅግ የከፋው ፍሳሽ አንድ ሊትሩ ብቻ ወደ 2,000 በሚጠጋ ሊትር የወንዝ ውሃ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ሊጨርስ ይችላል ማለት ነው። አንድ መምህር ይህን ማካፈል በሰሌዳ ላይ ቢሠራው ተማሪው የብክለትን ትርጉም ከብዙ ገለጻ ይልቅ ይረዳዋል።

በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ነገሩን በሰፊው አየው። በጅማ ዞን 23 የቡና መፈልፈያዎች ፍሳሻቸውን በሚለቁባቸው 18 ወንዞች ላይ፣ በ44 ስፍራዎች ውሃው ተመረመረ። በማጠቢያው ወቅት በአንዳንድ ስፍራ የኦክስጅኑ መጠን በሊትር ከ0.01 ሚሊግራም በታች ወርዶ ተገኘ። ወቅቱ ሲያልፍ ኦክስጅኑ ማገገም ጀመረ። ነገር ግን በድንጋይ ሥር የሚኖሩት ጥቃቅን እንስሳት ሲቆጠሩ፣ ብክለትን የማይችሉት ከሚችሉት ጋር ያላቸው ድርሻ እንደ ተዛባ ቀርቶ ነበር። ወንዙ ከርቀት ሲታይ የዳነ ቢመስልም ሕመሙ ገና አልለቀቀውም ነበር።

ጉዳቱ በሰፈር ብቻ የሚወሰን አይደለም። የጅማ ከተማ ወንዝ አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግና ወደ ግልገል ጊቤ ይሄዳል፤ ከዚያም በኦሞ በኩል ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። የአጋሮ አካባቢ ወንዞች ደግሞ በዲዴሳ በኩል ከዓባይ ይገባሉ። በአንድ ዞን የተለቀቀ ፍሳሽ ሁለት ታላላቅ ተፋሰሶችን ይነካል።

፭. የተሞከረውና የሚቀረው

መፍትሔ ፍለጋው የተጀመረው ከሁለት አቅጣጫ ነው። የመጀመሪያው ውሃውን መቀነስ ነው። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በምዕራቡ የቡና ምድር በኅብረት ሥራ ማኅበራት አማካይነት ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያዎች መተከል ጀመሩ። ሁለተኛው የቬቲቨር ሣር ነው። ይህ ሣር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ጅማ እርሻ ምርምር ጣቢያ የገባው የቡናን ማሳ አፈር እንዲይዝ ነበር። ከዓመታት በኋላ በማጠቢያ ጣቢያዎች ሥር በተዘጋጀ ረግረግ ላይ ተተክሎ ፍሳሽን እንዲያጠራ ታዘዘ። ጥልቅና ጥቅጥቅ ያለው ሥሩ ለባክቴሪያዎች መጣበቂያ ይሆናል። በአውሮፓ ጠጠር የሠራውን፣ በጃፓን ዶቃ የሠራውን፣ እዚህ የሣር ሥር ይሠራዋል።

ከዚህ አንጻር የአልጂኔት ዶቃ ለጅማ ያስፈልጋልን? በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ዶቃው የሚስማማው መጠኑ ጥቂት፣ መርዙ ግን ከባድ ለሆነ ውሃ ነው፤ የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ምሳሌው ነው። የቡና ፍሳሽ ከዚህ ይለያል። ብዙ ነው፤ በአብዛኛውም ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆን ነገር ነው። የሚጎዳው ከመጠን በላይ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ነው። ለእንዲህ ያለው ውሃ ርካሹ መጣበቂያ፣ ማለትም ጠጠር፣ ገሪባ ድንጋይና ሥር፣ ይበቃል።

ሆኖም ሦስት እንቅፋቶችን ሳይጠቅሱ ማለፍ ሐቀኝነት አይሆንም። አንደኛ፣ ፍሳሹ አሲድ ስለ ሆነ አስቀድሞ በኖራ ካልተለዘበ ሕያዋኑን ይገድላል፤ ሣሩንም ያቃጥላል። ሁለተኛ፣ ሥራው የወራት ብቻ ነው። በቀረው ዓመት የሚራበውን ልባስ የሚጠብቅ ሰው ካልተመደበ፣ ወይም እንደ ሌቲንጋ ድብልብሎች ረኃብን የሚችል ዓይነት ካልተመረጠ፣ በየመስከረሙ ከባዶ መጀመር ግድ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ልጣጩ ከውሃው አስቀድሞ ተለይቶ ለብስባሽ ማዳበሪያ ካልዋለ የትኛውም ማጣሪያ ይደፈናል።

፮. ለዕቅድ አውጪና ለመምህር

ለዕቅድ አውጪ የዚህ ታሪክ ትምህርት አንድ ነው፤ ማሽንና ፍሳሹ በአንድ ወረቀት ላይ ይታቀዱ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ግዴታውም ታውቋል። አዋጅ ግን ጠጠር አያስቀምጥም፤ ኖራም አይገዛም። አዲስ ጣቢያ ሲፈቀድ የማጣሪያው መሬት፣ የኖራው ዋጋና የጠባቂው ደመወዝ ከመፈልፈያው ዋጋ ጋር አብረው መቆጠር ይገባቸዋል። የሐምቡርግ ሹማምንት የማጣሪያውን ወጪ ሲያዘገዩ የቆጠቡ መስሏቸው ነበር።

ለመምህር ደግሞ ወንዙ ራሱ ቤተ ሙከራ ነው። በማጠቢያው ወቅት ከጣቢያው በላይና በታች ያሉትን ድንጋዮች አንሥቶ ማወዳደር መሣሪያ አይጠይቅም። ከላይ ባለው ድንጋይ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ልባስና ብክለትን የማይችሉ እጮች ይገኛሉ፤ ከታች ግን ግራጫ ዝቃጭና ቀያይ ትሎች ብቻ ሊቀሩ ይችላሉ። ተማሪዎች የልባሱን ስም በአፋቸው በሚነገረው ቋንቋ እንዲናገሩ፣ ከዚያም በቡሃቃው ግድግዳ ላይ ከሚቀረው እርሾ ጋር እንዲያነጻጽሩት ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን የአካባቢው ወንዞች የብልሃርዚያ ሥጋት ስላለባቸው ልጆች እግራቸውን ሳይነክሩ ከዳር እንዲሠሩ፣ ድንጋዩንም መምህሩ በጓንት እንዲያነሣላቸው፣ ከሥራው በኋላም እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ መጠንቀቅ ግዴታ ነው።

መደምደሚያ

ከፔይዝሊ አሸዋ እስከ ቬቲቨር ሥር ድረስ ያየነው አንድ ሐሳብ ነው። ውሃን የሚያጠሩት ሕያዋን በሁሉም ስፍራ አሉ፤ ከሰው የሚጠይቁትም መጣበቂያና ጊዜ ነው። የጅማ ወንዞች ድንጋዮች ይህን አገልግሎት ቡና መታጠብ ከመጀመሩ በፊት ሲሰጡ ኖረዋል፤ ያቃታቸው ከአቅማቸው በላይ ስለ ተጫነባቸው ነው። ሸክሙን ከወንዙ ላይ አንሥቶ ወደ ጠጠሩና ወደ ሥሩ ማዛወር ለአንድ ማጠቢያ ጣቢያ ከባድ ምስጢር አይደለም። የገበሬው ልጅ ደብተሩን የሚገዛለት ቡና፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚጠጣውን ውሃ ሊነሣው አይገባም።